ሜጋው እያለ ኔትወርኩ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት ለክላውድ ደንበኞቹ አጭር ማሳሰቢያ አወጣ። በቀይ ባሕር ሥር የተዘረጉ የፋይበር ኬብሎች ስለተቆረጡ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚያልፍ ዳታ ከወትሮው በላይ ሊዘገይ ይችላል የሚል። ልብ በሉ፣ ይቋረጣል አላለም። ይዘገያል ነው ያለው። ዳታው በሌላ በኩል ዞሮ ይደርሳል፣ መንገዱ ግን ይረዝማል።

እኛ ጋ "ተቆረጠ"፣ "ዘገየ"፣ "ጠበበ" የሚባሉት ሁሉ በአንድ አባባል ይጠቃለላሉ፦ "ኔትወርክ የለም"። ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ቤት ተከራይቶ በኦንላይን የሚሠራ ልጅ የፍጥነት መለኪያውን ይከፍታል። 20 ሜጋ ይላል። ደስ ይለዋል። ወዲያው ቪዲዮ ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። ታዲያ ሜጋው የት ሄደ?

ሜጋው የትም አልሄደም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ሳንለይ ስንቀር በየወሩ ለማያስፈልገን ነገር ብር እንጨምራለን፣ የሚያስፈልገንን ደግሞ ሳንጠይቅ እንቀራለን።

## ስፋት ሌላ፣ ጉዞ ሌላ

ባንድዊድዝ የመስመሩ ስፋት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ዳታ ማለፍ እንደሚችል ይነግረናል። የሚለካው በሜጋቢት በሰከንድ ነው፣ በተለምዶ "ሜጋ" የምንለው። ሌተንሲ ደግሞ የጉዞው ጊዜ ነው። አንዲት ትንሽ መልእክት ከስልካችን ተነስታ፣ ሰርቨሩ ጋ (የምንፈልገው ገጽ ወይም አገልግሎት ያለበት ኮምፒውተር) ደርሳ፣ መልሷ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ። የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው፣ ይኸውም የሰከንድ አንድ ሺኛ። ጌም የሚጫወቱ ልጆች "ፒንግ" የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገሩን ከብዙዎቻችን ቀድመው የተረዱትም እነሱ ናቸው።

ባሕር ዳር ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡት። ግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው። በአሮጌው ድልድይ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው ተጠባብቀው ያልፉ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱን በደንብ ያውቀዋል። አሁን ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን ድልድዩ ስለሰፋ ጎንደር አልቀረበችም። ዛሬም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። ድልድዩ ላይ ወረፋ ከነበረ ወረፋው ቀርቷል፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ባንድዊድዝ ሲጨምር የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጣናነሽ 2 የተባለችውን ጀልባም አስታውሱ። ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር እስክትደርስ ወራት ፈጅቶባታል። ጭነቱ ትልቅ፣ ጉዞው ረጅም። አንድ ትልቅ ነገር ለመላክ እንዲህ ያለ ጉዞ ይሆናል። እየተቀባበሉ ለማውራት ግን አይሆንም።

ሁለት የሚያሳስቱ ቃላትን እዚሁ እናጥራ። ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 8 ሜጋቢት የሆነ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 1 ሜጋባይት ነው፤ 800 ሜጋባይት ፊልም ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። "ተጭበረበርኩ" የሚለው ቅሬታ አንዳንዴ ከዚህ ይነሳል። ፓኬት ስንልም በብር የምንገዛውን ፓኬጅ ማለታችን አይደለም። ዳታ የሚጓዘው በትንንሽ እሽግ ተቆራርጦ ነው። እያንዳንዱ እሽግ ፓኬት ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም።

## ርቀቱ ራሱ

ፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው። ብርሃን በባዶ ሕዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በመስታወት ውስጥ ሲሆን ግን ወደ 200,000 ይወርዳል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊ ሰከንድ፣ ለደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ይህን የሚያሳጥር ፓኬጅ የትም አይሸጥም።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬብሉ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል ብንል የብርሃኑ ደርሶ መልስ 6 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ለእኛ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሚቀየረው ከዚያ ወዲያ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የባሕር ውስጥ ኬብል የምታገኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፣ ጅቡቲም ከዋነኞቹ አንዷ ናት። የምንፈልገው ሰርቨር ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከዚያ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን የፈረንሳይዋ ማርሴይ፣ ከማርሴይ ፍራንክፈርት። ሁሉንም ደምረን 7,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንይዘው ብርሃኑ ብቻ ለደርሶ መልስ 75 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በመሃል ያሉት ራውተሮች (ዳታውን ከመስመር ወደ መስመር የሚያስተላልፉት መሣሪያዎች)፣ የኬብሉ መጠማዘዝ፣ ከስልካችን እስከ አንቴናው ያለው የአየር ክፍል ሲጨመርበት 150፣ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢታይ አያስገርምም። ሰርቨሩ አሜሪካ ከሆነ አትላንቲክን ጨምሩበት።

ቀይ ባሕር ላይ ኬብል ሲቆረጥ የሚሆነውም ከዚህ ይገባናል። ዳታው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ ለመሄድ ቢገደድና መንገዱ 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ያለ አንዳች ወረፋ ደርሶ መልሱ 200 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በዚያ ላይ የተቆረጠው ኬብል ይሸከም የነበረው ሁሉ በቀሩት ላይ ይጫናል። መንገዱ ይረዝማል፣ የቀረው መንገድም ይጨናነቃል።

## ገጹ ከመከፈቱ በፊት

አንድ ሊንክ ስንነካ ስልኩ መጀመሪያ "ይህ ስም የየትኛው ሰርቨር ነው?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ደርሶ መልስ። ከዚያ ከሰርቨሩ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ኮምፒውተሮችም እንደ እኛ ሰላም ሳይባባሉ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ሁለት። ቀጥሎ መልእክቱን ሌላ ሰው እንዳያነበው የምስጢር ቁልፍ ይቀያየራሉ። ሦስት። "ገጹን ስጠኝ" የሚለው በአራተኛው ነው።

ደርሶ መልሱ 200 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ፣ አንዲት ፊደል ስክሪኑ ላይ ሳትታይ 0.8 ሰከንድ አለቀ። 20 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ግን 0.08 ብቻ። በዚህ ምልልስ የተላለፈው ዳታ ጥቂት ኪሎባይት ነው። 5 ሜጋ ይኑራችሁ 100 ሜጋ፣ ልዩነቱ አይታይም። ደግሞም ገጹ ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም። ፎቶው ከአንዱ ሰርቨር፣ ማስታወቂያው ከሌላው፣ የፊደሉ ቅርጽ ከሦስተኛው ሊመጣ ይችላል፤ ከእያንዳንዱ ጋር ሰላምታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

መሐንዲሶች ይህን ምልልስ ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው ቲኤልኤስ 1.3 የተባለው የምስጢር ደንብ የቁልፍ ልውውጡን ከሁለት ደርሶ መልስ ወደ አንድ አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው ኩዊክ የተባለው የዳታ ማጓጓዣ ደንብ ደግሞ ሰላምታውንና ቁልፉን በአንድ ጉዞ አጣመራቸው። ብርሃንን ማፍጠን ስለማይቻል የቀረው አማራጭ ጉዞውን ማሳነስ ነው።

ትልቅ ፋይል ስናወርድም ሌተንሲ እጁ አለበት። ላኪው ያለውን ሁሉ በአንዴ አያፈስም። የተወሰነ ይልክና "ደርሶኛል" የሚል መልስ ይጠብቃል። አንድ የቆየ ሲስተም 64 ኪሎባይት ብቻ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ በ200 ሚሊ ሰከንድ መስመር ላይ ከ2.6 ሜጋቢት በላይ ማግኘት አይችልም፣ መስመሩ 100 ሜጋ ቢሆንም እንኳ። ያው ሲስተም በ20 ሚሊ ሰከንድ መስመር ላይ 26 ሜጋቢት ይሰጣል። የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይህን ገደብ ማስፋት ይችላሉ። ቢሆንም መንገድ ላይ ፓኬት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ላኪው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መልሶ የሚያገግመውም በየደርሶ መልሱ ቀስ በቀስ ስለሆነ ሩቅ ያለ ሰርቨር ለማገገምም ይዘገያል።

## ወረፋው

እስካሁን ያወራነው ስለ ርቀት ነው። በእኔ እምነት ግን በየቀኑ የሚያናድደን መዘግየት በአብዛኛው የሚመጣው ከወረፋ ነው። ምክንያቱም ርቀት ጠዋትና ማታ አይለዋወጥም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደህና የነበረ መስመር ምሽት 2 ሰዓት ላይ የሚንቀራፈፈው ፍራንክፈርት ስለራቀ አይደለም።

ወሩ ጥር ነው እንበል፣ የሠርግ ወቅት። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ቤት የሠርግ ቪዲዮ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ሊልክ ነው፣ 4 ጊጋባይት። በዚያው ዋይፋይ ላይ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ አንዲት ወጣት በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ናት። መስመሩ ማውረጃው 20 ሜጋ፣ መላኪያው 2 ሜጋ ነው። በነገራችን ላይ ስለ መላኪያው የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው፣ ማስታወቂያው ላይም ጎልቶ የሚጻፈው ማውረጃው ነው።

ቪዲዮው መላክ ሲጀምር የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር መስመሩ ከሚችለው በላይ ወደ ራውተሩ ያፈሳል። ራውተሩ ትርፉን ቶሎ አይጥለውም፣ ማቆያው ውስጥ ያጠራቅመዋል። ማቆያው 256 ኪሎባይት ቢይዝ፣ ያንን በ2 ሜጋ ለማራገፍ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። የልጅቷ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጀርባ ይሰለፋል። ጠያቂዋ "ስለ ራስሽ ንገሪን" ትላለች። መልሱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ጠያቂዋ ያልተሰማች መስሏት ጥያቄዋን ትደግማለች፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይቅርታ ብለው ዝም ይላሉ። ልጅቷ ቋንቋ የማትችል ወይም የፈራች ልትመስል ትችላለች። የድምፅ ጥሪ ግን 100 ኪሎቢት እንኳ ይበቃዋል። የሚፈልገው ቶሎ መድረስን ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሪ የሚመክረው መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ነው።

ይህ ችግር በፈርብሎት ይባላል፣ የማቆያ ማበጥ ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በቤቱ መስመር ላይ ካጋጠመው በኋላ ነው ስሙ የተሰማው። አምራቾች ፓኬት እንዳይጠፋ በማሰብ ማቆያውን አስፍተውት ነበር። ማቆያው ሲሰፋ ወረፋውም ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮዴል የተባለ መፍትሔ አቀረቡ። ፓኬቶች ወረፋ ላይ ብዙ መቆየት ሲጀምሩ ጥቂቱን ይጥልና ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዓይነት ደግሞ ትንሽ የያዘውን ቀድሞ ያሳልፋል። ወፍጮ ቤት አንድ ቁና ጤፍ ይዛ የመጣችን ሴት አምስት ኩንታል ካራገፈው ነጋዴ ጀርባ አለማቆም ማለት ነው።

ይህ አሠራር አንዳንድ ራውተሮች ላይ ኪውኦኤስ (QoS) በሚባለው የቅድሚያ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። ከሌለም የሚልከው ፕሮግራም ላይ ገደብ ማድረግ ይቻላል። ፎቶ ቤቱ 2 ሜጋውን በሙሉ ቢጠቀም ቪዲዮው አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። 1.5 ላይ ቢገድበው አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምራል። ዘመዶቹ ሠርጉን ትንሽ ዘግይተው ያያሉ፣ ቃለ መጠይቁ ግን ይተርፋል። አንድ ብር አልወጣም።

ወረፋ የሚሠራው ራውተር ብቻ አይደለም። በአንድ የሞባይል አንቴና ሥር ያለ ሰው ሁሉ ያንኑ የአየር ሞገድ ይካፈላል። በጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ሲወጡ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ላይቭ ሲገባ ስልኩ ላይ አራቱም ሰረዝ ሞልቶ መልእክት የማይሄደው ለዚህ ነው። ሰረዙ የሚነግረን የሲግናሉን ጥንካሬ ነው እንጂ የወረፋውን ርዝመት አይደለም። ወረፋው ሲረዝምና ሲያጥር ደግሞ አንዱ ፓኬት በ60፣ ቀጣዩ በ400 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ይህ መዋዠቅ ጂተር ይባላል። ድምፅ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

## "ዋናው ሜጋው ነው" የሚሉትስ?

እውነት አላቸው፣ እስከ አንድ ደረጃ። 1 ሜጋ መስመር ላይ 3 ሜጋባይት የሆነ ገጽ ለመክፈት 24 ሰከንድ ይወስዳል። እዚያ ላይ ስለ ሚሊ ሰከንድ ማውራት የተራበን ሰው ስለ ቅመም እንደማማከር ነው። የተቀዳ ትምህርት የሚከታተል ተማሪም፣ ለምሳሌ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ላይ ያለ፣ በዋናነት የሚያስፈልገው በቂ ሜጋ ነው። ቪዲዮው ቀድሞ ስለሚጠራቀም ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ አይታወቀውም።

ከዚያ ደረጃ በኋላ ግን የሜጋው ጥቅም በፍጥነት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይክ ቤልሺ ባደረገው ሙከራ፣ መስመሩን ከ5 ሜጋ ወደ 10 ማሳደግ የገጽ መክፈቻ ጊዜውን ያሻሻለው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሌተንሲው ሲቀንስ ግን በቀነሰ ቁጥር ገጹ ይፈጥን ነበር። ገጾች ከዚያ ወዲህ በጣም ስለከበዱ ዛሬ ወሰኑ ከ5 ሜጋ ከፍ ይላል። ዝንባሌው ግን ያው ነው።

በሌላ ጫፍ "አገራችን ከባሕር ስለራቀች ምንም ማድረግ አይቻልም" የሚሉ አሉ። ይህ አያሳምነኝም። ርቀቱ 75 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን አንድ የተጨናነቀ ራውተር ግን 1,000 ሊጨምር እንደሚችል አይተናል።

## ሐይቁ ማዶ

ደቅ ደሴትን ለመሰለ ቦታ ፋይበር መዘርጋት ከባድ ስለሆነ ሳተላይት ይነሳል። እዚህ ላይ ግን "ሳተላይት" የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የድሮው ዓይነት ምልክቱን ለማመላለስ ብቻ 480 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሜጋው የፈለገ ቢበዛ ለጥሪ አይመችም። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኬንያ ውስጥ አገልግሎት የጀመረው ስታርሊንክ የሚጠቀምባቸው፣ ያንን ክፍል በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይጨርሱታል። ሌላው አማራጭ በማማዎች መካከል የሚደረግ ማይክሮዌቭ የተባለ የሬዲዮ መስመር ነው። በአየር ላይ ስለሚሄድ ከፋይበር እንኳ ይፈጥናል። ውኃ ላይ ሲያልፍ ግን ከውኃው ገጽ የሚነጥረው ሞገድ ዋናውን ሊያደክመው ስለሚችል ተጠንቅቆ መተከል አለበት።

## ማቅረብ

ርቀትን ማሳጠር ካልተቻለ ሰርቨሩን ማቅረብ ይቻላል። እንደ ጉግልና ሜታ ያሉ ኩባንያዎች ብዙ ሰው የሚያየውን ይዘት ቅጂ በየአገሩ ቴሌኮሞች ውስጥ ያስቀምጣሉ። ብዙ ሰው የሚያየው ቪዲዮ ቶሎ ተከፍቶ አንዲት ትንሽ የአገር ውስጥ ድረ ገጽ የምትንቀራፈፈው አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ድረ ገጿ የተቀመጠችው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ነው። የባሕር ዳር ሰው የጻፈውን የባሕር ዳር ሰው ለማንበብ ቀይ ባሕርን ደርሶ መልስ ይሻገራል። አሁን አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ስለተከፈቱ አማራጭ አለ። የክፍያ፣ የቀጠሮ ወይም የምዝገባ አፕ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ከመጀመሪያው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እንዲህ ያሉ አፖች የሚልኩት ዳታ ትንሽ ነው፣ ምልልሳቸው ግን ብዙ ነው። ቴሌብርን በ*127# ስንጠቀም ዳታው ቢንቀራፈፍም ሊሠራልን የሚችለው በዳታ መስመሩ ሳይሆን በኔትወርኩ የምልክት መስመር ስለሚሄድ ነው።

## ቅሬታ ከማቅረባችን በፊት

ተራው የፍጥነት መለኪያ ትልቁን ቁጥር ያሳየናል። የምንፈልገው ሌላውን ነው። ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱና ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ ወደ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው) ላኩ፤ ዊንዶውስ ላይ ከአራት ጊዜ በኋላ እንዳይቆም ping -t 8.8.8.8 ብላችሁ ጻፉ። ማንም ምንም ሳያወርድና ሳይልክ ለአንድ ደቂቃ ቁጥሩን እዩት። ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል መላክ ጀምሩና እንደገና እዩት። 90 የነበረው 900 ከሆነ ችግሩ ምናልባት እዚያው ቤታችሁ ራውተር ላይ ያለ ወረፋ ነው። ያለ ጭነትም ቢሆን ማታ ማታ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ የሠፈሩ መስመር ወይም አንቴና ተጨናንቋል። ሌሊትም ቀንም ከፍ ብሎ ካልተንቀሳቀሰ ርቀት ወይም የተቀየረ መንገድ ሊሆን ይችላል። በኬብል ሲሆን ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ራውተሩን ከግድግዳው ጀርባ አውጡት።

ሰዓቱንና ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። እነሱን ይዞ የሚቀርብ ሰው "ኔትወርክ የለም" ብሎ ከሚደውለው በተሻለ ይደመጣል፤ ቴክኒሻኑም የትኛው ጫፍ ላይ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።